«ቤትህ አርፈህ ብትቀመጥ ኖሮ»፦ ስለ ቶሮንቶው የ2010 አፈሳ

በጁን 2010 መጨረሻ፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ፣ ቶሮንቶ ውስጥ ከ1,100 በላይ ሰዎች ታሰሩ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ካናዳ በሰላም ጊዜ ይህን የሚያህል የጅምላ እስር አይታ አታውቅም። በ1970 በኩቤክ ቀውስ ጊዜ፣ የጦርነት ጊዜ ሕግ ታውጆ ወታደር መንገድ ላይ በወጣበት ወቅት እንኳ የታሰሩት ወደ 500 ገደማ ነበሩ። የቶሮንቶው እስር ምክንያት ጦርነትም አመፅም አልነበረም፤ የቡድን 20 አገሮች መሪዎች ለሁለት ቀን ተሰብስበው ነው።

ጉባኤው በተጠናቀቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንገስ ሪድ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ድርጅት ሰዉን ጠየቀ። ከቶሮንቶ ነዋሪዎች 73 በመቶ የሚሆኑት ፖሊስ ሰልፈኞቹን የያዘበት አኳኋን ተገቢ ነው አሉ። በመላ አገሪቱ ደግሞ ከሦስት ሰው ሁለቱ እንዲሁ አሉ። ጁላይ 7 ቀን የከተማዋ ምክር ቤት ተሰብስቦ ፖሊሱን ላከናወነው የላቀ ሥራ አመሰገነ፤ ድምፁ 36 ለ 0 ነበር። አንድ ተቃዋሚ አልተገኘም።

ስለዚያ ቅዳሜና እሑድ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ፖሊስ ነው። እኔ መጻፍ የምፈልገው ስለ 73ቱ ነው።

ለማያስታውስ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። የካናዳ መንግሥት የቡድን 8ን ስብሰባ ሀንትስቪል በምትባል ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ የቡድን 20ን ደግሞ በቶሮንቶ መሐል ከተማ አከታትሎ አዘጋጀ። ለሁለቱ ጥበቃ የተመደበው ገንዘብ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነበር። ከተማው መሐል ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ተተከለ። ፖሊሱ፣ ወታደሩና የግል ጥበቃው ሲደመር ሃያ ሺህ ገደማ ይደርሳል። ለጋዜጠኞች በተዘጋጀው አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተሠርቶ ነበር፣ በ57,000 ዶላር። ከጉባኤው በፊት በነበሩት ሳምንታት ካናዳዊውን ያስቆጣው ይህ ሐይቅ ነበር። የጋዜጦቹ ቀልድም፣ የምክር ቤቱ ጭቅጭቅም ስለ ሐይቁ ሆነ። ስለ አጥሩ የተናገረው ጥቂት ነው።

ቅዳሜ ጁን 26 የሠራተኛ ማኅበራት የጠሩት ትልቅ ሰልፍ በሰላም ተካሄደ። ከሰልፉ ጥቁር ለብሰው ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ተነጥለው ወጡና በክዊን እና በያንግ ጎዳናዎች የባንክና የሱቅ መስታወት ሰባበሩ፤ የፖሊስ መኪናዎችም ተቃጠሉ። ፖሊስ በዚያን ሰዓት እምብዛም እጁን አላነሣም። ቴሌቪዥኖች የሚነደውን መኪና ቀኑን ሙሉ መላልሰው አሳዩት። ሰባባሪዎቹ ልብሳቸውን ቀይረው ሕዝቡ መሐል ከገቡ በኋላ፣ አመሻሹ ላይ፣ ትእዛዙ ተለወጠ። ያን ምሽት ከተማውን ይመራ የነበረው የፖሊስ አዛዥ በኋላ በሰጠው ምስክርነት ከበላዩ የደረሰው ትእዛዝ ጎዳናዎቹን መልስ የሚል እንደነበር ተናግሯል።

ጎዳናዎቹም ተመለሱ። የተቃውሞ ቦታ ተብሎ በይፋ ከተሰየመው ከክዊንስ ፓርክ ሣር ላይ ሰዉን በዱላና በፈረስ አባረሩት። ማታ ኖቮቴል ሆቴል በር ላይ የተቀመጡትን ከ250 በላይ ሰዎች ከብበው አሰሩ። እሑድ ጠዋት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ማኅበር ጂምናዚየም ውስጥ የተኙ፣ ብዙዎቹ ከኩቤክ የመጡ ወጣቶችን በጅምላ ወሰዷቸው፤ ክሱ በኦክቶበር ተነሣ፣ ፖሊሶቹ የገቡት ተገቢ የፍርድ ቤት ማዘዣ ሳይኖራቸው ነበርና። እሑድ አመሻሽ ክዊን እና ስፓዳይና መንገዶች በሚገናኙበት መስቀለኛ ላይ ወደ 300 የሚሆን ሰው ግራ ቀኙ ተዘግቶበት ለአራት ሰዓት ያህል በኃይለኛ ዝናብ ቆመ። ከመካከላቸው ሰልፈኛ ነበረ፤ ጋዜጠኛ ነበረ፤ ከገበያ የሚመለስም፣ ምን ሆነ ብሎ ለማየት ብቅ ያለም ነበረ።

እንግሊዝኛው ለዚህ ዓይነቱ ከበባ የማንቆርቆሪያን ስም ሰጥቶታል፤ ጀርመንኛም ድስት ወይም ጋን የሚለውን ቃል፣ ከጦር ሜዳ አምጥቶ። ሁለቱም ውስጥ ያለውን ሰው የሚቀቀል ነገር ያደርጉታል። የእኛው ቃል አፈሳ ነው። አፈሰ ማለት የተበተነ እህል በሁለት እጅ ዘግኖ ሰበሰበ ማለት ነው። የሚያፍስ ሰው አይመርጥም፤ ጠጠሩም ገለባውም አብሮ ይመጣል፣ ማበጠሩ በኋላ ነው። አዲስ አበባ በደርግ ዘመንም፣ በ2005 ምርጫ ማግስትም ይህን ቃል በደንብ ተምራዋለች። ታላላቅ ስብሰባዎች በመጡ ቁጥር ለእንግዶች ዐይን ሲባል ከመንገድ የሚነሡት የጎዳና ልጆችና ለማኞችም ያውቁታል። በሙያዬ ቃላት ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገሩ ምን እንደሚጥሉ ምን እንደሚያነሡ ስከታተል እውላለሁና፣ ለቶሮንቶው እሑድ ከማንቆርቆሪያው ይልቅ አፈሳ የሚለው እንደሚስማማ እርግጠኛ ነኝ። ከታሰሩት ከሦስት ሁለቱ በላይ ያለ ምንም ክስ ነው የተለቀቁት። ክስ ከተመሠረተባቸውም የብዙዎቹ ተሰረዘ። ማበጠሩ ሲያልቅ እጅ ላይ የቀረው ፍሬ በጣም ጥቂት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሕግ ነበር፤ ይህን ታሪክ ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ቅርብ የሚያደርገውም እሱ ይመስለኛል።

በ1939፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳ ሰሞን፣ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ድልድዮችንና የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን ከአሻጥር ለመጠበቅ አንድ ሕግ አወጣች። ሕጉ ለጠባቂዎች ወደ ሥፍራው የሚቀርብን ሰው ማንነት የመጠየቅ፣ ያለ ማዘዣ የመፈተሽ፣ እምቢ ያለውን የማሰር ሥልጣን ይሰጣል። ጦርነቱ አለፈ፣ ሕጉ መዝገብ ውስጥ ቀረ። ጁን 2 ቀን 2010 የክፍለ ግዛቷ ካቢኔ ዝግ በሆነ ስብሰባ ደንብ ቁጥር 233/10ን አጸደቀና የጉባኤውን አጥር ግቢ የዚያ ሕግ ጥበቃ ሥር አስገባው። ደንቡ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ጁን 16 ተለጠፈ፤ ማንም አላየውም። በኦንታሪዮ ነጋሪት ጋዜጣ ሊታተም የታቀደው ደግሞ ጁላይ 3 ቀን ነው። ጉባኤው ያበቃው ጁን 27 ነው።

ነጋሪት ጋዜጣ የሚለውን ስም የምጽፈው ለማሳመር አይደለም። በእኛ አገር የሕግ ማውጫው ጋዜጣ ስሙን የወሰደው ከአዋጅ ከበሮው ነው፤ ነጋሪት ተጎስሞ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ተብሎ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰው በአዋጁ የሚጠየቀው። በንጉሥ አገር እንኳ ቅጣት ከከበሮው በኋላ ይመጣል። ኦንታሪዮ ከበሮውን ከቅጣቱ በኋላ ቀጠረችው። ሕጉን ሕዝቡ ያወቀው ጁን 24 ቀን አጥሩ አጠገብ የቆመ አንድ ወጣት መታወቂያ አላሳይም ብሎ ከታሰረና ጋዜጦች ከጻፉት በኋላ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው የባሰው የሆነው። የፖሊስ አዛዡ ቢል ብሌር፣ ከአጥሩ በአምስት ሜትር ርቀት ውስጥ የተገኘ ሰው ሁሉ ማንነቱን የመናገር ግዴታ እንዳለበት የሚያስረዳ መግለጫ ሰጠ። ከተማው አመነ። ሰዎች በዐይናቸው አምስት ሜትር እየለኩ ሄዱ፤ ፖሊሶችም ከአጥሩ እጅግ በራቁ መንገዶች ላይ ቦርሳ ፈተሹ። ደንቡ ግን የሚመለከተው የአጥሩን ውስጥ ብቻ ነበር። መንግሥት ይህን ከጉባኤው በፊት ያውቅ ነበር፤ አላረመም። ጉባኤው ካበቃ በኋላ ጋዜጠኞች አዛዡን በእርግጥ የአምስት ሜትር ሕግ ነበረ ወይ ብለው ሲጠይቁት፣ አልነበረም አለ፤ ወንጀለኞችን ለማራቅ ብሎ እንደሆነም ጨመረ። በዲሴምበር የክፍለ ግዛቷ ሕዝብ ዕንባ ጠባቂ አንድሬ ማሪን ባወጣው ሪፖርት ደንቡን ሕገ ወጥ፣ ሕገ መንግሥቱንም የሚጻረር ሊሆን የሚችል ብሎ ፈረጀው። የዜጎች መብት በካናዳ ታሪክ ከተጣሰባቸው ጊዜያት ሁሉ ከፍተኛው ይህ እንደሆነም ጻፈ።

የ73 በመቶውን መልስ ስናነብ ይህን ማስታወስ አለብን። የተጠየቁት ሰዎች የሌለ ሕግ መኖሩን ተነግሯቸው ነበር። የታሰረው ሰው ሕጉን የጣሰ መስሏቸዋል።

ሌላም ነገር አይተዋል፤ ጠረጴዛውን። ከጉባኤው ማግስት አዛዡ ለጋዜጠኞች ከሰልፈኞች የተያዘ መሣሪያ ነው ብሎ ጠረጴዛ ሙሉ ዕቃ ደረደረ። ከመካከሉ የብረት ጥሩርና ጫፋቸው በስፖንጅ የተሸፈነ ቀስቶች ነበሩ። ባለቤታቸው የመካከለኛው ዘመን ባላባት መስሎ ጫካ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ለመጫወት ባቡር ለመሳፈር የሚሄድ ወጣት ነው። ከጉባኤው ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው መኪና የተገኘ የእንጨት መቁረጫ መጋዝም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከዚያ በፊት በጁላይ 2001 ጄኖቫ ላይ የቡድን 8 መሪዎች ሲሰበሰቡ የጣሊያን ፖሊስ በሌሊት ዲያስ ወደተባለ ትምህርት ቤት ገብቶ የተኙትን ደብድቦ 93 ሰዎች አሰረ፤ በነጋታውም እንዲሁ ጠረጴዛ ዘርግቶ መሣሪያ አሳየ። ዶማውና መዶሻው የትምህርት ቤቱን ሕንፃ ሲያድሱ የነበሩ ግንበኞች ያስቀመጡት ነበር፤ ሁለቱን የቤንዚን ጠርሙሶች ደግሞ ራሳቸው ፖሊሶቹ ይዘዋቸው እንደገቡ ፍርድ ቤት አረጋገጠ። ቶሮንቶን ከጄኖቫ ጋር አላመሳስልም፤ ጄኖቫ ላይ አንድ ወጣት በጥይት ሞቷል፣ በ2015ም የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት የዲያስን ሌሊት ድርጊት ማሰቃየት ነው ብሎ ፈርዷል። ጠረጴዛው ግን ያው ጠረጴዛ ነው። የሚዘረጋው ለዳኛ አይደለም፤ ለቴሌቪዥን ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ዜና እንዳያልፍ። የጥሩሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ያወቀው ሰው በጠረጴዛው ፎቶ ካመነው ጋር ሲነጻጸር ስንት ይሆን?

ወደ ርዕሴ ልመለስ። ከእስር የወጡ ሰዎች የደረሰባቸውን ሲናገሩ በተደጋጋሚ የሰሙት መልስ አንድ ነው፤ ቤትህ ብትቀመጥ ኖሮ። ዓረፍተ ነገሩ ከመደጋገሙ የተነሣ በፌብሩዋሪ 2011 የካናዳ ብሔራዊ ቴሌቪዥን ስለ ጉባኤው ያቀረበው የምርመራ ዘገባ ርዕስ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ከታሰሩት አንዱ ለመድረክ የጻፈው ቴአትርም ተመሳሳይ ርዕስ ያዘ። ሰዋስዉን እንይ። ብትቀመጥ ኖሮ ሲባል አድራጊው ታሳሪው ነው። ያሰረው ሰው ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ጭራሽ የለም፤ እንደ ዝናቡ ነው፣ ጃንጥላ ሳትይዝ ብትወጣ ዝናቡን አትከስስም። በአማርኛ ስንለው ደግሞ አርፈህ የምትለው ትጨመራለች። አርፈህ ተቀመጥ፣ አርፈህ ተማር፣ አርፈህ ሥራህን ሥራ። ልጅ ሳለን ያልሰማት የለም፤ ከአገር ስንወጣም ሻንጣው ውስጥ አብራ ትታሸጋለች። (አረፈ ማለት ሞተ ማለትም መሆኑን ሳስበው አንዳንዴ ይከብደኛል።)

አርፎ የተቀመጠውስ? ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ገና ሰልፍ ሳይወጣ፣ አስተባባሪዎችን ለመያዝ የተሠማሩ ፖሊሶች ቤት ተሳስተው ገብተው አልጋው ላይ የተኛን አባወራ በተደቀነ መሣሪያ ቀሰቀሱት። ከቤት የበለጠ ቤት፣ ከመቀመጥ የበለጠ ማረፍ አይኖርም።

የታሰሩት የተወሰዱት ኢስተርን ጎዳና ላይ ወዳለ የቀድሞ የፊልም ስቱዲዮ ነው። ውስጡ በሽቦ አጥር እንደ በረት ተከፋፍሎ ነበር። በሚገባ የማይበቃ ውሃ፣ በር የሌላቸው መጸዳጃዎች፣ ሲሚንቶ ወለል፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ለሰዓታት የታሰሩ እጆች፣ ጠበቃ ለማነጋገር ማለቂያ የሌለው ጥበቃ፤ እነዚህን በኋላ የወጡት ሪፖርቶች ሁሉ መዝግበዋቸዋል። ብዙዎቹ በዝናብ ርሰው የገቡ ስለነበሩ ቅዝቃዜውን ነው ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት። ወደ 90 የሚሆኑ ፖሊሶች የስም ሰሌዳቸውን አውልቀው እንደነበርም ታውቆ ተቀጡ፤ ቅጣቱ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው።

ስቱዲዮው የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከዳንፎርዝ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። ይህን ታሪክ ያነሣሁባቸው ያገሬ ሰዎች፣ በተለይ ተለቅ ያሉቱ፣ ብዙ ጊዜ የሚመልሱልኝ ከፈረንጆቹ በተለየ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይሄማ ምን አላት ልጄ፣ ማን ሞተ? እውነታቸውን ነው። ቀይ ሽብርን ያየ ሰው ስለ ቺዝ ሳንድዊችና ስለ ፕላስቲክ ማሰሪያ ሲወራለት ፈገግ ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህ ፈገግታ የሚያገለግለው ማንን እንደሆነ ማየት አለብን። ምን አላት የሚለውና ቤትህ ብትቀመጥ የሚለው ከተለያየ ሕይወት መጥተው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ታሳሪውን ዝም ያሰኙታል። መለኪያው የደረሰብን የከፋው ነገር ከሆነ፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ነፃነት ተብሎ ሊጠራ ነው። ደግሞም አምስት ሜትር ሕግ ነው ሲባል መታወቂያውን አስቀድሞ የሚያወጣው ማን ነው? ወረቀቱ በሂደት ላይ ያለ፣ ዜግነት የሚጠባበቅ፣ አነጋገሩ የሚለይበት ሰው ነው። እሱ የሌለን ሕግ ለመጠራጠር ዐቅሙ የለውም። ያ ወጣት አጥሩ ሥር አላሳይም ያለው መብቱን ስለሚያውቅ ብቻ ሳይሆን፣ እምቢ ማለት የሚያስከፍለው ዋጋ ከእኛ ዋጋ ስለሚያንስም ይመስለኛል። ደንቡ ለሕዝብ የተገለጠው ግን በእሱ እምቢታ ነው፤ ሁላችንንም ጠቅሞናል።

የሕዝቡ አሳብ ከዚያ በኋላ ተለወጠ፤ በአንድ ቀን ግን አይደለም። በጁላይ መጀመሪያ ነጻ ምርመራ ይካሄድ የሚሉ ሰልፎች ነበሩ፤ ለእነሱም ያው አርፋችሁ ተቀመጡ ነበር መልሱ። የለወጣቸው አንድ ትልቅ ንግግር አልነበረም፤ ቪዲዮዎቹ ነበሩ። በእጅ ስልክ የተቀረጹ፣ የሚንቀጠቀጡ፣ በየሳምንቱ አንድ ሁለት እየሆኑ የሚወጡ። ቀጥሎ የዕንባ ጠባቂው ሪፖርት፣ በ2012 የፖሊስ አቤቱታ ሰሚው መሥሪያ ቤትና የቀድሞው ዳኛ ጆን ሞርደን ሪፖርቶች መጡ። ሞርደን ፖሊሱን እንዲቆጣጠር የተሾመው የሲቪል ቦርድ ሥራውን እንዳልሠራ፣ ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ እንዳልጠየቀ ዘርዝሮ ጻፈ። በነሐሴ 2015 የኖቮቴሉንና የስፓዳይናውን ከበባ ያዘዘው ከፍተኛ መኮንን በዲሲፕሊን ችሎት በሕገ ወጥ እስር ጥፋተኛ ተባለ። በቀጣዩ ዓመት የተወሰነበት ቅጣት ተግሣጽና የ30 ቀን የዓመት ፈቃድ ማጣት ነበር። አንዳንዶቹ ታሳሪዎች ይህን ሲሰሙ ሳቁ ይባላል፤ እኔ እንኳ ባነበብኩት ጊዜ ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

ሕጉ ራሱ፣ የ1939ኙ፣ በመጨረሻ ተሽሮ ፍርድ ቤቶችንና የኃይል ማመንጫዎችን ብቻ በሚመለከት ጠበብ ያለ ሕግ ተተካ።

በፍትሐ ብሔር በኩል ጉዳዩ ረጅሙን መንገድ ሄደ። ስፓዳይና ላይ ዝናብ ካበሰበሳቸው አንዲት ሴት በቡድኑ ስም ክስ አቀረበች። የፖሊስ ጠበቆች ጉዳዩ በቡድን ክስ አይታይም ብለው እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከሩ፤ አልሆነላቸውም። በ2020 ስምምነት ላይ ተደረሰ፣ በኦክቶበር ፍርድ ቤቱ አጸደቀው። የገንዘቡ መጠን 16.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለአንድ ሰው እንደ ደረሰበት ነገር ከ5,000 እስከ 24,700 ዶላር። ፖሊስ በሕዝብ ፊት ስሕተቱን የሚያምንና ጸጸቱን የሚገልጽ መግለጫ አወጣ። ቢል ብሌር በዚያን ጊዜ የፖሊስ አዛዥ አልነበረም፤ የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጦ የካናዳ የሕዝብ ደኅንነት ሚኒስትር ነበር። ወቅቱ የኮሮና ወረርሽኝ ስለነበር በየመንገዱ ሰሌዳ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቤትዎ ይቀመጡ የሚል ነው።

በስምምነቱ መሠረት የታሳሪዎቹ የእስር መዝገብ ከፖሊስ ፋይል ይሰረዛል። የጁላይ 7ቱ የ36 ለ 0 ምስጋና በከተማው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፎ ይገኛል።